ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ወላጅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



ድልድይ ተሠርቶ የመዳረሻ መንገዱ ሳይሠራ ቢቀር ወንዙን የሚሻገር እንደማይኖር ለመሐንዲስ መንገር አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ለወሎ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማለት አዲስ አበባ ማለት ነበር። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ የወሎ፣ በወልድያ የወልድያ፣ በማይጨው የራያ ዩኒቨርሲቲ ቆመዋል። ሕንፃው ወደ ገበሬው ደጅ ቀርቧል፤ ወደ ሕንፃው የሚያደርሰው የአሠራር መንገድ ግን ለብዙው ወላጅ እንደ ራቀ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን መንገድ መመርመርና የባለሙያው ድርሻ የቱ ላይ እንደሆነ ማመልከት ነው።

ለምሳሌ ያህል ሮቢትን መውሰድ ይቻላል። ሮቢት ከቆቦ በስተደቡብ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ ማሽላና ጤፍ ያመርታል፤ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ የኖረ ነው። በኋላም የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ያስቆፈራቸው ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትበትን መስኖ ጨምረውለታል። እንዲህ ያለው ገበሬ የጊዜን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል። ቦይ የሚጠረገው ጎርፉ ከመውረዱ በፊት መሆኑን፣ ተራውን ያሳለፈም የሰው ማሳ ሲጠጣ ቆሞ እንደሚያይ አይስተውም። ስለ ዩኒቨርሲቲ አገባብ ግን ቦዩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳየው ሰው የለም።

እንግዲህ ራሱ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ የበኩር ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችለት አንድ የሮቢት አባት ይታሰብ። ከዘመዶቹ መካከል ዩኒቨርሲቲ የገባ የለም። ለልጁ ያለው ፍቅርና ምኞት ከማንም አያንስም፤ የሚጠይቃት ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «አጠናሽ ወይ?» እና «ዶክተር ትሆኛለሽ ወይ?» በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ለመጠየቅ ቃሉ የለውም። ልጅቱም የአባቷን አለማወቅ ላለመግለጥ ስትል ዝም ትላለች። ብዙ ነገር የሚበላሸውም በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ የሚመጣው የስም ጉዳይ ነው። ተማሪዋ ለብሔራዊ ፈተና ስትመዘገብ የራሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል ይጻፋል። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በአሥራ ሁለተኛው በሌላ ዓይነት ቢሰፍር ማስረጃዎቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ማሳመን ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። የልደት ዘመንም በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፉ ካልተለየ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። ይህን ለማረም ማንበብ የማይችል አባት እንኳ አቅም አያንሰውም፤ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድነት ይዞ ትምህርት ቤት መሄድና «እነዚህ ስሞች አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን ጥያቄው መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ፈተናው ራሱ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዛውሮ፣ በቀጥታ ለመግባትም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ይህን መስፈርት ያሟሉት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. ውጤት 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። እነዚህ አኃዞች ለወላጅ የሚሰጡት ትርጉም ግልጽ ነው፤ ሳያልፉ መቅረት የጥቂቶች ነውር ሳይሆን የብዙኃኑ ዕጣ ሆኖ ቆይቷል።

በተለይም የሰሜን ወሎ ልጆች ወደ ፈተና የቀረቡት እንዴት ባለ ሁኔታ እንደነበረ መርሳት አይገባም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፤ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎችም ተዘርፈዋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ዳግመኛ ወደ ቆቦ ሲመለስ ተማሪው ለፈተና የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁን «ሰነፍ» ብሎ የሚወቅስ ወላጅ ሚዛኑ የተሳሳተበት ነው።

ስለሆነም ውጤቱ ዝቅ ቢል ቀጥሎ ያለው በር የቱ እንደሆነ ወላጅ ከፈተናው በፊት ሊያውቅ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ50 በመቶ በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች በሪሚዲያል ፕሮግራም እንዲማሩና ፈተናውን ሲያልፉ ወደ አንደኛ ዓመት እንዲገቡ ተደርጓል። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መማርም አለ። ይህን የማያውቅ አባት የውጤቱን ቀን የመጨረሻ ፍርድ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜም ወንዱ ልጅ ወደ ስደት መንገድ፣ ሴቷም ወደ ጋብቻ ልትገፋ ትችላለች።

ሦስተኛውና ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ምርጫው ነው። ያለፈችው ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል መርጣ በኢንተርኔት ትሞላለች፤ ምደባውንም ትምህርት ሚኒስቴር በውጤትና በቦታ መጠን ያከናውናል። የሚሞላው ቅጽ ምርጫ እንጂ ትእዛዝ አለመሆኑን፣ ቅደም ተከተሉም ትርጉም ያለው መሆኑን ወላጅ ሊረዳ ይገባል። የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. እንደገና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የትምህርት ክፍል የሚለየው በአብዛኛው ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ በሚያመጣው ውጤት ነው። እንግዲህ አባትዬው «ዶክተር ሁኚ» የሚለው ቃል በዚያ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ልጅቱ በመጀመሪያው ዓመት የምታገኘው ነጥብ ከአባቷ ምኞት ይልቅ እንደሚወስን ሁለቱም ካወቁ፣ ጭንቀቱ ወደ ጥናት ይለወጣል። የጤና ችግር ያለባቸው፣ ሕፃን የሚያጠቡ እናቶችና መንትዮች ደግሞ በማስረጃ አስደግፈው በልዩ ሁኔታ እንዲታዩ የሚጠየቅበት አሠራር አለ፤ ይህም በጊዜው ካልቀረበ ያልፋል።

የርቀት ፍርሃትንም በንቀት ማለፍ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ጉዳይ በአማራ ክልል ወላጆች ልብ ውስጥ አለ። «ቅርብ ካልሆነ አትሄድም» የሚል አባት ኋላ ቀር ነው ማለት አይደለም። ከእርሱ ጋር መነጋገር የሚቻለው ፍርሃቱን እውነት ብሎ በመቀበል፣ መንገዱን፣ የጉዞውን ጊዜና በቦታው ያለውን የአገር ልጅ በዝርዝር በማስረዳት ነው።

ስለ ገንዘብ የሚነገረውም እንዲሁ መጥራት አለበት። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባለው ሥርዓት ሲሠራበት «ልጅሽ ዕዳ ትፈርማለች» መባሉን የሰማች እናት ሌሊቱን ሳትተኛ ብታድር አያስገርምም። የሥርዓቱ መሠረት ግን ተመራቂው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ከራሱ ገቢ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ነው። ይህ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል ቃል ስላልተነገረ ብቻ ላም ለመሸጥ የሚያስብ ቤተሰብ ሊኖር አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ልጁን ለመርዳት ወላጅ ፊዚክስ ወይም እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ጊዜውን ማወቅ፣ ወረቀቱን መጠበቅ፣ ባልገባው ጊዜ ሳያፍር መጠየቅና የልጁን ምርጫ ለልጁ መተው ነው። በመኸርና በአጨዳ ጊዜ ለጥናት ሰዓት መስጠት፣ ለሴት ልጅም የውኃ መቅዳቱንና የእንጀራ መጋገሩን ሥራ ከወንድሟ ጋር ማካፈል ከብዙ ምክር ይበልጣል። ይህን ማንም የሮቢት አባትና እናት ሊያደርገው የሚችል ነው። የማይችለው፣ ያልነገሩትን ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው የማኅበሩ አባላት ድርሻ የሚመጣው። ከየገጠሩ ወጥቶ መሐንዲስ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ በእግሩ ሄዶበታል። ለበዓል ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ሥራው ከሚያወራ ይልቅ ወላጆችን ሰብስቦ የምዝገባውን፣ የፈተናውንና የምርጫውን ቅደም ተከተል በቀላል አማርኛ ቢያስረዳ፣ በአንድ ገጽ ጽፎም በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። አሠራሩ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ወረቀቱም በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ አሮጌ ካርታ ይዞ መንገድ የሚያሳይ ሰው ካልመራው ይልቅ ያስታል። በተጨማሪም የራሱን ሙያ ብቻ እያወደሰ ወጣቱን ወደ ምህንድስና ከመጎተት ይቆጠብ። የምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ተመርቆም ሥራ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ እንደሚወስድ እውነቱን ይናገር።

የምርጫው ቅጽ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት በሮቢትም ሆነ በሌላ ቦታ ስልክ የሚያነሣ፣ የሚጠየቅና ታግሦ የሚያስረዳ አንድ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢገኝ፣ ብዙ ልጅ በውጤቱ የሚገባውን ቦታ ሳያጣ ይቀራል። እያንዳንዱ አባል የተማረበትን ትምህርት ቤት ስምና በዚያ የሚያውቀውን አንድ መምህር ዛሬውኑ በመዝገብ ቢያሰፍር፣ ማኅበሩ ለመጪው ዓመት ሥራውን ከዚህ ሊጀምር ይችላል።