ኮከብን በቀን ለማየት የትኛው ሞገድ ይመረጣል?



መርከብንም ሆነ አውሮፕላንን የሚመራው የሳተላይት ምልክት ደካማ በመሆኑ በቀላሉ ይታወካል። ኮከብን ግን ማንም ሊያውክ አይችልም፤ ነገር ግን የቀን ሰማይ ብርሃን ይሸፍነዋል።

ንጹሕ አየር የሚበትነው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ 1/16 ይወርዳል። ስለዚህ ከሚታየው የ0.55 ማይክሮን ብርሃን ወደ ኢንፍራሬድ፣ ወደ 1.65 ብንሻገር ብተናው 1/81፣ ወደ 2.2 ብንሻገር 1/256 ይሆናል። አቧራና ጭጋግ ግን ይህን ሕግ ስለማይከተሉ ትርፉን ይቀንሱታል።

እንግዲያው ሞገዱን ያለ ወሰን ማርዘም ይበጃልን? አይበጅም። በ1.4 እና በ1.9 አካባቢ የውሃ ተን ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ከ2.3 በኋላም አየሩና መሣሪያው በገዛ ሙቀታቸው ያበራሉ። በ2.2 ሰማዩ እጅግ ይጨልማል፤ ይሁን እንጂ መቀበያው ብርቱ ማቀዝቀዣ ይሻል። እስከ 1.7 የሚያየው የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ መቀበያ ግን በጥቂት ማቀዝቀዝ ይሠራል።

ኮከቦቹም ያግዙናል፤ ለዓይን ከሲርየስ እጅግ የሚደበዝዘው ቀዩ አንታረስ በኢንፍራሬድ ይበልጠዋል።

በመሆኑም ለአነስተኛ መሣሪያ 1.6 ማይክሮን አካባቢን እመርጣለሁ። የሚበጀው ሰማዩ እጅግ የሚጨልምበት ሞገድ ሳይሆን መሣሪያው ሳይከብድ ኮከቡ ጎልቶ የሚወጣበት ነው።