ቀን በጽሑፍ ዓምድ ሲቀመጥ



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ይኸውም በመረጃ ቋት ውስጥ ቀን እንደ ጽሑፍ ሲመዘገብና እንደ ጽሑፍ ሲጠየቅ የሚደርሰው ስሕተት ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. የአንድ መድኃኒት መጋዘን መዝገብ እንድመረምር ተጠይቄ ነበር። የመድኃኒቶቹ ማብቂያ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቀኑ ቀድሞ ዓመቱ መጨረሻ ሆኖ፣ በጽሑፍ ዓምድ ሰፍሯል። መጠይቁ «ከ01/06/2023 በፊት ያበቁትን አውጣ» ይላል። ኮምፒዩተሩ የተሰጠው ጽሑፍ ነውና እንደ መዝገበ ቃላት ከግራ ወደ ቀኝ ምልክት በምልክት አነጻጸረ። 28/02/2023 በ2 ስለሚጀምር በ0 ከሚጀምረው በኋላ ዋለ፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም ከዝርዝሩ ቀረ። በአንጻሩ 01/05/2024፣ ገና ዐሥራ አንድ ወር ሲቀረው፣ ይወገዱ ከተባሉት ጋር ተቆጠረ። የሚያስፈራው ደግሞ አንዳች የስሕተት ማስታወቂያ አለመውጣቱ ነው። ዝርዝሩ በንጹሕ ወረቀት ታተመ፤ ኃላፊውም ፈረመበት።

መዝገቡን የሠራውን ባለሙያ ለመውቀስ አልቸኩልም። የአገራችንን ባለሙያ ወደ ጽሑፍ ዓምድ የሚገፋው እውነተኛ ችግር አለና። የተለመዱት የመረጃ ቋቶች የቀን ዓይነት የተቀረጸው ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/02 ብለን ብንሰጠው ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና አይቀበልም፤ ጳጉሜን 5ንም 05/13 ብንለው ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም።

ነገር ግን መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እና ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 አንድ ዕለት ናቸው። ዕለቱ በቀን ዓይነት ይቀመጥ፤ የኢትዮጵያ መልኩን የሚይዘው ለተጠቃሚው ሲታይና ሲታተም ነው። በመጠይቁም ውስጥ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ እየለወጡ ማነጻጸር አይገባም፤ ቋቱ እያንዳንዱን ረድፍ ለመለወጥ ሲደክም በቀኑ ላይ የተሠራው ማውጫ ሥራ ፈት ይሆናል። ጠያቂው የሚልከውም ቀን በቀንነቱ ይተላለፍ፤ 01/06 በአሜሪካ ልማድ ጃንዋሪ 6፣ በእንግሊዝ ልማድ ጁን 1 ነው።

ጽሑፍ የግድ ከሆነ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው አይሶ 8601 እንደሚያዘው ዓመቱ ይቅደም፤ አንድ አኃዝ ያለውም ዜሮ ይጨመርበት። በዚህ ሥርዓት ብንጽፈው 2016-13-05 እንኳ ከ2016-12-30 በኋላ በቦታው ይሰለፋል። ስንት ቀን እንደቀረ ግን ተቀንሶ አይገኝም።

በመጋዘኑ አዲስ የቀን ዓምድ ከፍተን አሮጌውን ስናዛውር 31/06/2023 የሚል ተገኘ። ጁን 30 ቀን ብቻ እንዳለው ለጽሑፍ ዓምድ ማን ይነግረዋል? እንዲህ ያሉትን ከመደርደሪያው አውርደን፣ ከካርቶኑ ላይ አንድ በአንድ እያነበብን መዘገብናቸው።