ለቅሶ ነው ብዬ ስለ ሄድኩበት ትምህርት
(በፉሪ ዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ያደረጉት ንግግር)



ሊቀ መንበራችን «አንድ የሚጠቅም ነገር ተናገር» ብለው ሲያዙኝ፣ ስለ ድንኳኑ መጠገን የማነሣ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን የምናገረው ስለ አንድ ውሸት ነው። ዋሺው እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም በለቅሶ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ሠላሳ ዓመት ያህል መሪ ጨብጫለሁ። መጀመሪያ ረዳት፣ ቀጥሎም የአይሱዙ ሾፌር ሆኜ ኖሬአለሁ። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በሰበታ ወደ ጅማ፣ ሌላው በመልካ ቁንጡሬ ወደ ቡታጅራ ይሄዳል፤ ሁለቱንም እንደ ግቢዬ ተመላልሼባቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ታዲያ ሰበታ መግቢያ ላይ በፍጥነት ተያዝኩ። የመጀመሪያዬም አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 የጥፋት ነጥብ የሚባል ነገር አምጥቶብናል፤ ጥፋት ገንዘብ ተከፍሎበት ብቻ አያልቅም፣ ነጥብ ሆኖ ይጠራቀማል። የኔም ተጠራቅሞ ኖሮ መንጃ ፈቃዴ ተይዞ የተሐድሶ ሥልጠና ግባ ተባልኩ።

ገንዘብ ቢሉኝ ተበድሬም ቢሆን እከፍል ነበር። ተማሪ ሁን መባሉ ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። በዚህ ዕድሜ ደብተር ይዤ! ለባለቤቴ ምን ልበላት? «ሰበታ ለቅሶ አለብኝ» አልኳት። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትከተለኝ ተነሣች። «የማን ነው? ንፍሮ ልቀቅል? የዕድሩ ሰዎች ሰምተዋል?» «የሥራ ባልደረባዬ አባት ናቸው፤ አታውቂያቸውም» ብዬ አመለጥኩ። ሥልጠናው ደግሞ ባንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ሠልስታቸው ነው» አልኩ። ያልነበሩ ሰውዬ ገድዬ ሠልስት አወጣሁላቸው ማለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ቆቤን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከልጄ የሚያንስ የሚኒባስ ሾፌር ነበረና «ፋዘር፣ እርስዎንም አመጡዎት?» ብሎ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አስተማሪዋ ወጣት ሴት ናት። ሰሌዳው ላይ መኪና ሣለችና ሒሳብ ጀመረች። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ባንዲት ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ በ80 ሲሆን 22 ሜትር። ይህች ሴኮንድ እንግዲህ ሾፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ያለችው ናት፤ መኪናው ገና መቆም አልጀመረም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ፣ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ያለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ነገር ሠላሳ ዓመት በእግሬ አውቀዋለሁ፤ በቁጥር ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውንም ነገረችን፤ መኪና በ65 የመታው እግረኛ የመሞቱ አደጋ፣ በ50 ከተመታው አራት ተኩል እጥፍ ነው። እኔም ደብተሬ ላይ የራሴን ሒሳብ ሠራሁ። አሥር ኪሎ ሜትር በ60 ፈንታ በ80 ብነዳ የማተርፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። በሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳን ቡና ሊፈላ፣ ስኒውም ታጥቦ አያልቅ።

እዚያ ላይ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። በዚህ ዕድር ሬሳ ከሚሸከሙት አንዱ ነኝ። መኪና የገጨው ተማሪ ልጅ የቀበርን ቀን፣ ሣጥኑ ለትከሻዬ በጣም ቀለለኝ። ከቀብር መልስ እጄን ታጠብኩ፣ ንፍሮዬን ቆንጥሬ ወጣሁ፣ ሌሊቱን ጭነት ይዤ ወደ ጅማ ስሄድ ያንኑ የለመድኩትን ፍጥነት ነዳሁ። ያን ሌሊት አላፈርኩም። እኛ ሾፌሮች ስንሰበሰብ «ጅማ ደርሶ መልስ ባንድ ቀን» ያለ ሰው ይወደሳል እንጂ አያፍርም። የከተማው ሰው አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የጠራ ጊዜም እንደ ማዕረግ ቆጥረን ሥቀናል። ያሳፈረኝ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መማሩ ነው!

እኔ ብቻ አይደለሁም መሰለኝ። በእንግሊዝ አገር ከፍጥነቱ ወሰን ጥቂት አልፎ የተያዘ ሰው፣ ፖሊስ ከፈቀደለት፣ በነጥብ ፈንታ ከፍሎ እንዲህ ያለ ትምህርት ይማራል። እዚያ ያለው የእኅቴ ልጅ ሄዶበት ኖሮ፣ የነገረኝ የኔን ከሰማ በኋላ ነው።

ሥልጠናው ያለቀ ዕለት ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» አለች። «ማንም» አልኳት። «እንኳንም» ብላ እራት አቀረበች። ከዚያ በኋላ ግን ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። ከእናንተም መካከል ሁለታችሁ መንገድ ላይ አግኝታችሁኝ «እግዜር ያጽናህ» ብላችሁኛል። ዛሬ መልሼላችኋለሁ።

በአባሎቻችን መካከል ባለ ባጃጅ፣ ባለ ሚኒባስና የጭነት ሾፌር ብዙ ነን። ደብተሬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከገንዘብ ያዣችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጽሕፈቴ አያምርምና ማንበብ ያቃተው ይጠይቀኝ።