ስለ አቃቂ ጭቃና ስለሚጠይቀው ገንዘብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጭቃ ልንናገር ቆመናል ስንል ፈገግ ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። ይሁን። ጭቃው ግን ተራ ጭቃ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ የተኛው ነው።

ትንሹም ትልቁም አቃቂ የሚገቡት ወደዚሁ ግድብ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከዳገት ማሳና ለቤት ሥራ ከተቆፈረው መሬት የታጠበው አፈር በሁለቱ ወንዞች ይወርዳል። በመንገዱም ከቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት፣ ከየወርክሾፑ እርሳስ ይቀበላል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚያውቁት፣ እነዚህ ብረቶች አብዛኛውን ጊዜ ከደቃቁ አፈር ጋር ተጣብቀው ይጓዛሉ፤ አፈሩ በረጋበትም ይረጋሉ። በወንዙ ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣ የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው፤ ጎመኑም ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል።

እንግዲህ የአፈር መከላትና መርዛማ ቆሻሻ፣ በመንግሥት በጀት ሁለት መዝገብ ቢኖራቸውም፣ በወንዙ ውስጥ አንድ ናቸው። የአንዱ ገንዘብ ሲጓደል የሌላው ድካም ከንቱ ይሆናል። ደለሉ ግድቡ ከገባ በኋላ ይውጣ ቢባል የሚወጣው መርዝ የያዘ ዝቃጭ ነው፤ ወለሉ ውሃ የማያሰርግ፣ ጠባቂ ያለው ማስቀመጫ ይፈልጋል። መርዝ ከተጠራቀመ በኋላ ማስወገድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አገራችን አይታዋለች። በየመጋዘኑ ዝገው የሚያፈስሱ አሮጌ የጸረ ተባይ መድኃኒት በርሜሎች፣ 1,500 ቶን ያህል፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 ድረስ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ሄደው ተቃጠሉ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።) ወጪውን በአብዛኛው የቻሉት የውጭ መንግሥታት ናቸው።

ገንዘብ ጨርሶ አይገኝም ማለት አይቻልም። ለረዥም ዘመን ቆሞ የነበረው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ በ2016 ሥራ ጀምሯል። በ2019ም ለወንዝ ዳር ልማት በተዘጋጀው እራት የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተሽጧል። (ተማሪ አልተጋበዘም።) ተርባይንና መናፈሻ ይመረቃሉ፤ ሪባን ይቆረጥላቸዋል። ለእርከን ጥገናና ለፋብሪካ ፍሳሽ ቁጥጥር ሪባን የሚቆርጥ የለም፤ በየዓመቱ የሚመለስ ወጪ ብቻ ነው።

የእርከኑ ነገር በተለይ ያሳዝናል። በ1986 የወጣ የፋኦ ጥናት ከደጋው አገራችን በየዓመቱ የሚታጠበውን አፈር 1.9 ቢሊዮን ቶን ገምቶታል። በዚያው ዘመን ገበሬው ለስንዴና ለዘይት ደመወዝ ብዙ እርከን ሠራ፤ በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በየስፍራው ፈረሰ። ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሥራው ሲታዘዝ አልተጠየቀም፤ ለጥገናውም የተመደበ ነገር አልነበረም። እርከን እንደ ሣር ጣራ ነው፤ በየዓመቱ ካልታደሰ ያፈስሳል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ያበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ሕጉ አለ፤ እኛ የምንፈልገው ሲሠራበት ማየት ነው። አሜሪካኖች በ1980 ባወጡት ሕግ በነዳጅና በኬሚካል ኩባንያዎች ላይ ቀረጥ ጥለው የማጽጃ ፈንድ አቋቋሙ። ቀረጡ በ1995 መጨረሻ ሲቋረጥ ፈንዱ እየመነመነ ሄደ፤ ሸክሙም በግብር ከፋዩ ሕዝብ ላይ ወደቀ። ቀረጡን የመለሱት በ2021ና በ2022 ባወጧቸው ሕጎች ነው። ባለጸጋው አገር እንኳ ቋሚ ምንጭ ሲያጣ ሥራው እንደሚላላ ከዚህ እናያለን።

ስለዚህ ለአቃቂ ተፋሰስ፣ ከእንጦጦ እስከ ግድቡ፣ እርከኑንና ፍሳሹን አንድ ላይ የያዘ ዓመታዊ በጀት እንዲመደብ እንጠይቃለን። ፋብሪካዎችም እንደ ፍሳሻቸው መጠን ይክፈሉበት።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ስለ አቃቂ ውሃና ስለ ጎመኑ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በእንግሊዝኛ ተቀምጠዋል። ውጤታቸውን በአማርኛ አሳጥረው ቢሰጡን፣ አባዝተን ለአትክልተኞቹና ለየወረዳው ምክር ቤት እናደርሳለን። ወረቀቱንና ቀለሙን ማኅበራችን ይችላል።