ስለ ብስክሌቱ ጉዞ ለነዋሪዎች የተነበበ ንግግር



ወጣቶቻችን ከአያት ተነሥተው በሰንዳፋና በሸኖ በኩል እስከ ደብረ ብርሃን በብስክሌት ሊጓዙ መሰናዳታቸውንና የሚሰበሰበውም ገንዘብ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ጎረቤቶቻችን መርጃ እንዲውል መታሰቡን ሰምታችኋል። ባለፈው ስብሰባ ክርክር በመነሣቱ ሐሳባችንን ጽፈን ቀርበናል።

አንዳንድ አባቶች «ሳይክልና ኤድስን ምን አገናኛቸው?» ብለው ነበር። ነገሩን እኛ አልፈጠርነውም። በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዲህ ያለ ጉዞ ተጀምሮ ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ 870 ኪሎ ሜትር ያህል በ7 ቀን ይነዳ ነበር፤ ተጓዡም ከዘመድ ከወዳጅ ገንዘብ ለምኖ ነው የሚሰለፈው። ኋላ ግን አዘጋጁ ለወጪ ብዙ ይወስዳል የሚል ቅሬታ ስለ በረታ፣ ተረጂዎቹ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2002 የራሳቸውን ጉዞ ጀመሩ። እሱም ወጪው ከብዶ፣ ተጓዡ አንሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ቆመ። ስለዚህ እኛ ከወዲሁ ወስነናል፤ ስንቁም፣ ከመነዳሪውም፣ የሸኖው አዳርም ከተጓዡ ኪስ ነው። ከተዋጣው ብር ለቲሸርት የሚወጣ ሳንቲም የለም።

ሁለተኛው ክርክር የከበደው ነው። «ጨርቁ ላይ ኤድስ አይጻፍ፣ ለጤና ተብሎ ይለፍ» የተባለው።

እውነቱን እንነጋገር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ብዙዎቻችን በነበርንበት ሰፈር የእድር ድንኳን ከአንዱ ቤት ሳይነቀል ሌላው ቤት ይፈለግ ነበር። ስንጠየቅ «ሳንባ ነው» እንላለን። ስሙን ጠርቶ ያለቀሰ አላየንም። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሠርቶ ይኖራል፣ ልጁን ይድራል። ዛሬማ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል።

«መድኃኒቱ በነጻ ከሆነ ብሩ ለምን?» ላላችሁን፣ አንዲት ጎረቤታችን ስሜን አታንሡ ብላ የነገረችንን እንንገራችሁ። ጤና ጣቢያ አጠገቧ እያለ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ከከተማው ማዶ ነው መድኃኒቷን የምታመጣው። የታክሲ ስታጣ ቀጠሮው ያልፋታል። ለምን ቅርብ አትሄጂም ብንላት፣ «እናንተን ፈርቼ» አለች። ሌላ ሰው አይደለም እኮ፣ እኛን!

እንግዲህ ብሩ ለእንዲህ ያለው መመላለሻና ለቀለብ ነው። ጨርቁ ላይም ስሙ በትልቁ ይጻፋል። የሰጪው ስምና የሰጠው መጠን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የተረጂው ስም ግን በቃለ ጉባኤም ቢሆን አይገባም።

መንገዱ ቀላል አይደለም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከእኛም የባሰ ደጋ ነው፤ የጭነት መኪናውም ብዙ ነው። ከ18 ዓመት በታች አንመዘግብም። «ልጄ 16 ቢሆን ነው፣ ግን ጉልበቱ የበሬ ነው» ያሉን አባት አይቀየሙን። ፍሬኑ ያልተፈተሸ ብስክሌትም አይሰለፍም።

ቃል መግባት የምትፈልጉ በኪሎ ሜትር የምትከፍሉትን እያስመዘገባችሁ፣ ከኋላ የምትከተል ፒካፕ የሚያውሰን ካለም እስከ ቅዳሜ ቢነግረን። መነሻው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከአያት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ