ጥርጣሬ በተነሣባት የመጀመሪያዋ ሰዓት



ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ኃላፊ ሳለሁ፣ ማንም በሥራ ላይ ባልነበረበት ሌሊት አንድ ሰው በአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ወደ ሒሳብ ክፍሉ ሰርቨር ገብቶ እንደነበረ ጠዋት ላይ አየሁ። ደነገጥሁ፤ ደንግጬም የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀልሁ። እስከ ማታ ዲስኩን ደምስሼ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫንሁ። አለቃዬም አመሰገኑኝ። በሳምንቱ ሰውየው ተመልሶ ገባ። በየት እንደገባና ምን እንደወሰደ የሚነግረኝን ማስረጃ በገዛ እጄ አጥፍቼው ነበርና እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ የሚንቀሳቀሱት ፕሮግራሞች፣ የተከፈቱት ግንኙነቶች፣ አንዳንዴም የምስጢር ቁልፎች በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው ይገኛሉ። ኃይል ሲቋረጥ እነዚህ ይጠፋሉ። ስለዚህ በቅድሚያ የሚነቀለው የኔትወርኩ ገመድ ነው፤ ዋይፋይ ካለም ይዘጋል። ፋይሎች በዓይናችሁ ፊት እየተቆለፉ፣ ማሽኑንም ከኔትወርክ መለየት ካልተቻለ ግን አጥፉት፤ በዚያን ጊዜ የቀረውን ማትረፍ ከማስረጃው ይቀድማል። በተጠረጠረው ማሽን ላይ በአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አትግቡ። በኢሜይልም አትጻጻፉ፤ ሰርጎ ገቡ ሊያነበው ይችላል። ስልክ ደውሉ።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። ማን ምን አየ፣ ምን ነካ፣ በስንት ሰዓት? በሰዓቱ ጉዳይ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ፈተና አለብን። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ባለሙያ በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር 02፡00 ማለቱ ነው፤ መዝገቡን በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚይዝ ሰርቨር ደግሞ ያንኑ ቅጽበት በዋዜማው ቀን 23፡00 ብሎ ያሰፍረዋል። የቀን አቆጣጠራችን ሲጨመርበት ግራ መጋባቱን አስቡት። የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። የማሽኑ ሰዓት ስቶ ከተገኘ ልዩነቱን መዝግቡ እንጂ አታስተካክሉት።

እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያው የሎውረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ የ75 ሳንቲም የሒሳብ ልዩነት እንዲያጣራ ታዘዘ። በዚያች ሳንቲም ሰበብ ሰርጎ ገብ አገኘ። በሩን ግን አልዘጋበትም፤ በስልክ መስመሮቹ ላይ ማተሚያዎች ገጥሞ ሰውየው የሚጽፈውን በወረቀት አስቀረ፤ የእለት መዝገብም ያዘ። ዱካው ጀርመን፣ ሃኖቨር ከተማ፣ መረጃ ለሶቪየቱ ኬጂቢ ይሸጡ ወደነበሩ ሰዎች አደረሰው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «እኛም ዝም ብለን እንከታተለው» ይሉኛል። እኔ አልመክርም። ስቶል ለወራት ማተሚያ ሥር የማደር ትዕግሥትም ጊዜም ነበረው፤ የደንበኞች ገንዘብ ያለበት ሰርቨር ያን ያህል አይጠብቅም። ከእርሱ የምወስደው መዝገቡንና ለ75 ሳንቲም የሰጠውን ክብደት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነው ወጣት ባለሙያ ገመዱን መንቀል እንዳለበት ያውቃል፤ ነገር ግን አገልግሎት አቋረጥህ ተብሎ እንዳይጠየቅ ይፈራል። ኃላፊው ስልክ አያነሡም። እስኪነጋ ይጠብቃል። ስለዚህ በምመክራቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ መሣሪያ አይደለም፤ ያ ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ገመዱን እንዲነቅል የሚፈቅድለት፣ የበላይ ኃላፊው የፈረሙበት ወረቀት በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ተለጥፎ እንደሆነ ነው።