የካዛንቺስ ማድ ቤትና የታዳሽ ኃይል እንቅፋቶች



ስለ ታዳሽ ኃይል ሲነሣ ሐሳባችን ፈጥኖ ወደ ግድብ ይሄዳል። እኔ ግን ከትናንቱ የካዛንቺስ ቀበሌ ቤቶች ማድ ቤት ልጀምር። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ በዚህ በቂርቆስ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ሁሉ የታዳሽ ኃይል ተጠቃሚ ነው። ሆኖም በእነዚያ ግቢዎች ብዙ አባወራ በአንድ ቆጣሪ ይገለገል ነበር። አንዱ ምጣድ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ሁለት ከተጣደ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ሒሳብ ሲደርስም ጠብ ይነሣል። ስለዚህ ከሰሉ ለጀበናው ብቻ ሳይሆን ለወጡም ቀረ። ይህን የእናቶች አላዋቂነት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ከሰሉ በብዛት የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ ግራር መሆኑንም፣ ግራሩ ባለቀበት ምድር ድርቁ እንደሚከፋም እናንተ ታውቃላችሁ።

በ1995 እና በ2001 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ የግድቦቹ ውኃ ሲጎድል መብራት በፈረቃ ሆነ። (በመንፈቀ ሌሊት ሊጥ የተጋገረበትን ጊዜ የምናስታውስ ብዙዎች ነን።) በ2006 ዓ.ም. የተመረቀውን 120 ሜጋ ዋት የአሸጎዳ ጣቢያ የመሰሉት የነፋስ ማመንጫዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ ነፋሱ የሚበረታው ውኃው በሚያንስበት በበጋ ነውና።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። በማንኛውም የሰፈራ ሥራ ቆጣሪው ከሰፋሪው ቀድሞ ይግባ፤ የምጣዱም ዋጋ በብድር ወይም በዕቁብ ይሸፈን። መስመር እስኪዘረጋ ምርጥ ምጣድ ከሦስት ጉልቻው የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል። ለሰፋሪው የምትልኩትን የቁሳቁስ ዝርዝር ስታዘጋጁም ከብርድ ልብሱና ከድስቱ ቀጥሎ ቆጣሪና ገመድ እንዲጻፍበት አደራ እላለሁ።